ጎማውም ይነበባል

ለሥራ የሚረዳ ንባብ

ዛሬ ስለ ሞተር ብስክሌት ጎማ እናነባለን። «እኔ ሞተር የለኝ፣ ምን ያደርግልኛል?» የሚል አይጠፋም። ሞተር ባይኖራችሁም ከኋላ ተፈናጣችሁ ገበያ ትወርዳላችሁ። በሽተኛም ይጫንበታል፣ ነፍሰ ጡርም ትጫንበታለች። ስለዚህ ነገሩ የሁላችንም ነው።

ከተማሪዎቼ አንዱ ሞተር ነጂ ናቸው። ዕድሜያቸው ከአባቴ አያንስም። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው «መምህር» ይሉኛል። በክረምት አንድ ቀን ጠመኔና ደብተር ለማምጣት ወደ ከተማ ስሄድ ከኋላቸው አፈናጠጡኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ መንገዱ ግን ጭቃ ነው። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን ሲይዙ የኋላው ጎማ ተንሸራተተ። ሁለታችንም ወደቅን። ደግነቱ እኔ ክንዴ ተላጠ፣ እሳቸው ጉልበታቸው አበጠ እንጂ የከፋ ነገር አልደረሰብንም።

ጋሼ ግን ጉልበታቸውን አላዩም። ዝም ብለው ጎማውን ያያሉ። ጎማው ሊሾ ሆኗል።

«ትናንትና» አሉ ቀስ ብለው፣ «ትናንትና በዚሁ ቁልቁለት ምራቴን ይዤ ወረድኩ። የስምንት ወር እርጉዝ ናት።»

ከዚያ በኋላ አልተነጋገርንም። ሞተሩን እየገፋን ከተማ ገባን።

ጎማ ሻጩ አንድ የሚያብለጨልጭ ጎማ አወጣ። «አዲስ ነው አባት፤ ለእርስዎ ብዬ በርካሽ ነው» አለ። ዋጋው ከሌላው በብዙ ያንሳል። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። ከዚያ ምን ትዝ እንዳላቸው እንጃ፣ ቁጢጥ ብለው የጎማውን ጎን በጣታቸው እየተከተሉ ማንበብ ጀመሩ።

«ዜሮ፣ ዘጠኝ፣ አንድ፣ አራት። መምህር፣ ይኼ ምንድነው?»

እኔም አላወቅሁም። ከሱቁ አጠገብ የሚሠራ ጎሚስታ ጠየቅን። ጎሚስታው አየና፣ «ይህ ጎማ ከተሠራ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚያብለጨልጨው ቀለም ተቀብቶ ነው» አለን። እንግዲህ ዛሬ የምጽፍላችሁ እሱ ያሳየንንና በኋላ አንብቤ ያረጋገጥኩትን ነው።

ጎማ ማለቁ በምን ይታወቃል?

ጎማ ላይ የምናያቸው ቦዮች ለጌጥ አይደሉም። እንደ እርሻ ቦይ ናቸው። ውኃውንና ጭቃውን ወደ ጎን ያወጣሉ፤ ጎማውም መሬቱን ይይዛል። ቦዩ ሲጠፋ ጎማው በውኃው ላይ ይንሸራተታል።

ቦዩ ውስጥ ትንንሽ ጉብታዎች አሉ። የጎማው ገጽ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ዕድሜው አልቋል። ብዙ አገሮች ቦዩ ከ1 ሚሊ ሜትር ወይም ከ1.6 ሚሊ ሜትር ባነሰ ጎማ መንዳትን ይከለክላሉ። እኛ በቤታችን በክብሪት እንለካለን። የክብሪት እንጨት ውፍረት 2 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። እንጨቱን ቦዩ ውስጥ አጋድሙት። ከቦዩ በላይ ብቅ ካለ ለአዲስ ጎማ ገንዘብ ማዘጋጀት ጀምሩ።

ቦዩ ደህና ሆኖም ጎማው ሊበላሽ ይችላል። ጎኑ ከተሰነጣጠቀ፣ እንደ እባጭ ካበጠ፣ ወይም ውስጡ ያለው ክር ከታየ አትንዱበት። ያለቀ ጎማ በቢላ አስቀርጾ ቦይ ማስወጣትም አደጋ ነው። የቀረው ስስ ጎማ ጨርሶ ይሳሳል።

የኋላው ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ ሞተሩን የሚገፋውና አብዛኛውን ጭነት የሚሸከመው እሱ ነውና። ታዲያ አንዳንድ ሰው ያለቀውን የኋላ ጎማ ወደ ፊት ያዞራል። ይህ ስሕተት ነው። መሪውን የሚታዘዘው የፊቱ ጎማ ነው። ፍሬን ሲያዝም ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል።

ጎማው ላይ ምን ተጽፏል?

ፊደሉ የፈረንጅ ነው። ቁጥሩ ግን በክፍል የተማርነው ቁጥር ነው።

አንደኛ፣ መጠኑ። ለምሳሌ 3.00-18 የሚል ታገኛላችሁ። 3.00 የጎማው ስፋት በኢንች ነው። 18 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። አንድ ኢንች 2.54 ሳንቲ ሜትር ነው። በሌላ ጎማ ላይ ደግሞ 90/90-18 ይላል። የመጀመሪያው 90 ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው። ሁለተኛው 90፣ የጎማው ከፍታ ከስፋቱ ከመቶ 90 እጅ ነው ማለት ነው። 18 አሁንም ቸርኬው ነው። የቸርኬው ቁጥር ከተለየ ጎማው አይገባም።

ሁለተኛ፣ የሚችለው ጭነት። ከመጠኑ ቀጥሎ 47 ወይም 52 የመሰለ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ራሱ ኪሎ አይደለም። 47 ማለት ያ አንድ ጎማ 175 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። 52 ማለት 200 ኪሎ ነው። ነጂው፣ አንድ ሰውና አንድ ኩንታል እህል ተደምረው ስንት እንደሚሆኑ እስቲ አስሉት። የሞተሩን የራሱን ክብደትም አትርሱ።

ሦስተኛ፣ የተሠራበት ጊዜ። እንደ እንቁላል ሞላላ በሆነ ምልክት ውስጥ አራት ቁጥሮች አሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ዓመቱን ይነግሩናል። ጋሼ ያነበቡት 0914 ነበር። በፈረንጆች 2014 በዘጠነኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ሳምንቱ ከ37 በታች ከሆነ 8 ቀንሱ፤ 37 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ 7 ቀንሱ። ስለዚህ 2014 ሲቀነስ 8፣ 2006 ዓ.ም. ይሆናል። ጎማ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያረጃል፤ ይደርቃል። ብዙ ጎማ ሠሪዎች «5 ዓመት ካለፈው በየዓመቱ ይመርመር፣ 10 ዓመት ከሞላው ይለወጥ» ይላሉ።

አራተኛ፣ ቀስት። ቀስቱ ሞተሩ ወደ ፊት ሲሄድ ጎማው የሚዞርበትን አቅጣጫ ያሳያል። በተቃራኒው አትግጠሙት።

ጎማው እንዴት ይለወጣል?

ጎሚስታ ጋ ብትሄዱም ሥራውን ቆማችሁ እዩ። ራሳችሁ ከሠራችሁ ግን እንዲህ ነው፦

1. ሞተሩን በመቆሚያው አቁሙ። እንዳይንቀሳቀስ በፊተኛው ጎማ ሥር ድንጋይ አድርጉ። ካቴናውንና ፍሬኑን አላልታችሁ፣ ዳዶውን ፈትታችሁ ጎማውን አውጡ። የትኛው ዕቃ ከየት እንደወጣ ለማወቅ በተራ ደርድሩት።

2. ንፋሱን ጨርሳችሁ አውጡ። የጎማውን ጠርዝ ዙሪያውን በእግር እየረገጣችሁ ከቸርኬው አላቁ።

3. ጠርዙን በሳሙና ውኃ አርጥቡ። ከንፋስ መሙያው በኩል ጀምራችሁ በሌቫ አውጡ። በዚያኛው ወገን ያለውን ጠርዝ ወደ ቸርኬው መሀል ግፉት። መሀሉ ጎድጓዳ ስለሆነ ጎማው ይላላል። ጉልበት የሚያስጨርሰው ይህን አለማወቅ ነው።

4. የቸርኬውን ውስጥ እዩ። የሽቦዎቹን ራስ የሚሸፍነው ጥብጣብ ከተቀደደ ሽቦው ካመራዳሪያውን ይወጋል። ለአዲስ ጎማ አዲስ ካመራዳሪያ ይሻላል። ጥቂት ንፋስ ሰጥታችሁ አስገቡት፤ እንዳይታጠፍ።

5. አዲሱን ጎማ ቀስቱን አይታችሁ ግጠሙ። አሁን ደግሞ የምትጨርሱት በንፋስ መሙያው በኩል ነው። ሌቫው ካመራዳሪያውን እንዳይነክስ ተጠንቀቁ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

6. ቀስ እያላችሁ ንፋስ ሙሉ። ከቸርኬው አጠገብ ጎማው ላይ ቀጭን መስመር አለ። መስመሩ ዙሪያውን እኩል ካልታየ ንፋሱን አስተንፍሳችሁ እንደገና ሙሉ።

7. ጎማውን መልሳችሁ ግጠሙ። በግራና በቀኝ ያሉት የካቴና ማስተካከያ ምልክቶች እኩል ይሁኑ። ዳዶውን አጥብቁ። ሳትነዱ በፊት ፍሬኑን ሞክሩ።

የንፋሱ መጠን ሞተሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ወይም በመመሪያው መጽሐፍ ይገኛል። በአንዳንድ ትንንሽ ሞተሮች ፊት 25፣ ኋላ 28 ነው፤ ሰው ሲጫን ኋላ 32 ይሆናል። የእናንተን ሞተር አንብቡ። የሚለካውም ጎማው ሳይግል፣ በጠዋት ነው። አዲስ ጎማ ያንሸራትታልና የመጀመሪያውን 100 ኪሎ ሜትር በዝግታ ንዱ።

ጋሼስ ምን አደረጉ? ያን ርካሽ ጎማ ትተው ወጡ። ለደህናው ጎማ ገንዘባቸው አልበቃም። ሞተሩን ጎሚስታው ዘንድ አስቀምጠን በእግራችን ተመለስን። በሳምንቱ አንድ በግ ሸጡና ጎማውን ገዙ። ልጃቸው «ለጎማ ብሎ በግ!» ብሎ አጉረመረመ። እሳቸው ግን «ለጎማ አይደለም» ብቻ አሉት። ምራታቸውን ወደ ጤና ጣቢያ ያወረዷት በዚያው ጎማ ነው። በሰላም ተገላገለች። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

ጥያቄዎች

1. 2.75-17 በሚል ጎማ ላይ የቸርኬው ዲያሜትር የትኛው ቁጥር ነው?
2. 4019 የሚል ጎማ በእኛ አቆጣጠር በስንት ዓመተ ምሕረት ተሠራ?
3. ያለቀ የኋላ ጎማ ወደ ፊት ለምን አይዞርም?

በሠፈራችሁ ሞተር ካለ ጎማውን አንብቡና በደብተራችሁ ጽፋችሁ አምጡ። ባለቤቱ ማንበብ የማይችል ከሆነ አንብቡለት።

ሳምንት ያገናኘን። ደህና ሁኑ!