የዳነ ሰው ወረቀት

በመስቀል ሰሞን ወደ ወልቂጤና ወደ ቡታጅራ ከሚገቡት መካከል፣ ካንሰር ይዞት በአዲስ አበባ በጨረር ታክሞ የዳነ አይታጣም። ቤተ ዘመዱም «እንኳን ለዚህ አበቃህ» ብሎ ይቀበለዋል። ደስታው የሚገባ ነው። ዳሩ ግን ጨረር በሽታውን ሲያጠፋ በዙሪያው ያለውን ጤነኛ ሥጋና የደም ሥር ይነካል፤ ጠባሳውም አንዳንድ ጊዜ ከዓመታት በኋላ ይገለጣል።

በማኅፀን በር ካንሰር ምክንያት በጨረር የታከመች እናት ከብዙ ጊዜ በኋላ ደም ቢፈሳት፣ ኪንታሮት ነው ተብሎ ሊታለፍ ይችላል። መንጋጋው ጨረር ያገኘው ሰው ጥርሱን ቢያስነቅል፣ አጥንቱ አልድን ብሎ ሊበሰብስ ይችላል። ይህ የሚደርሰው በጥቂቶች ላይ ነው፤ ጥቂት በመሆኑም ሐኪሙ ካልተነገረው በቀላሉ አይጠረጥረውም።

የጨረር ሕክምና በአገራችን ለብዙ ዘመን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ ነበር፤ ኋላም በጅማ ተጀምሯል። ስለዚህ የታከመበት ስፍራና በሽተኛው የሚኖርበት ከተማ ይራራቃሉ። እኛ የምንለው፣ ማንኛውም በሽተኛ ሕክምናውን ሲጨርስ በየትኛው አካሉ፣ በምን ዓመት፣ ምን ያህል ጨረር እንደ ተሰጠው የሚገልጽ ወረቀት ይያዝ ነው። ለጥርስ ሐኪምም አስቀድሞ ያሳይ።

ይህን ማለታችን ሰው ጨረርን እንዲሸሽ አይደለም፤ ሕይወቱን ያተረፈለት እርሱ ነውና። የተረፈው ሕይወት ግን ጠባቂ ያስፈልገዋል።