የወንዙን ቦታ ለእንግዳ አንስጥ

ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ በጋሞ ምድር ፀጉራችሁ የሸበተ እኩዮቼ ሁሉ፤ ዛሬ የምናገረው ለእናንተ ነው። ወጣቱማ ድንኳኑን አዝሎ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከዚሁ ከአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ይመጣል። ጥላና ውኃ ያለበት ሜዳ ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ያድርበታል። ቦታውን አያውቀውም። የምናውቀው እኛ ነን። ክፉ ነገር ቢደርስ እግዚአብሔርም ሰውም የሚጠይቀው እኛን ነው።

የማወራው ስለ ኩልፎ ወንዝ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉጌ ተራራ ወገን ይነሣል፤ አርባ ምንጭ ያለችው 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት በአጭር መንገድ ወርዶ፣ ከተማችንን አልፎ፣ የምንጮቹን ደን ሰንጥቆ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ማታ ደጋ ላይ የጣለ ዝናብ ሌሊቱን እኛ ዘንድ ይደርሳል። እዚህ ሰማዩ ጠርቶ፣ መሬቱ ደርቆ ሳለ፣ ወንዙ ደፍርሶ ግንድና ድንጋይ እየገፋ ሲወርድ ያላየ ከመካከላችን ማን አለ? ምልክቱንም እናውቃለን። ጠርቶ የነበረው ውኃ በድንገት ይደፈርሳል፤ ቅጠልና ጭራሮ ይንሳፈፍበታል፤ ከላይ የሚያጓራ ድምፅ ይሰማል። ይህ ሁሉ ቀን ከሆነ ለሚያውቅ ዓይን ይታያል። ድንኳን ውስጥ ተኝቶ፣ ሙዚቃ ከፍቶ ላመሸ የሩቅ ልጅ ግን ምን ይነግረዋል?

ልጆቹ አብዝተው የሚወዱት ወንዙ ዳር ያለውን ለጥ ያለ አሸዋ ነው። ድንጋይ የለበትም፣ ለጀርባ ይመቻል፣ ውኃውም ቅርብ ነው። ያን አሸዋ እዚያ ያነጠፈው ጎርፍ ነው። ወንዙ ትቶት የሄደ ቢመስልም ቦታው የእሱ ነው፤ ሲሞላ ይመለስበታል።

ደግሞ የሚመጡበትን ወቅት አስቡት። የአዲስ አበባ ሰው ክረምት የሚለው ሐምሌና ነሐሴን ነው። የእኛ ትልቁ ዝናብ ሚያዝያና ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት ይመጣል። ፋሲካ የሚውለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሚያዝያ ነው። እንግዳው በበዓሉ ዕረፍት፣ «ገና በጋ ነው» ብሎ፣ ኩልፎ በሚሞላበት ወር መጥቶ ይተኛል። ይህን የሚነግረው ካላገኘ ከየት ያውቀዋል?

ድሬዳዋን አትርሱ። ወንዟ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል፣ ዳሩ ላይ ቤት ሠርቶ ይኖርበታል። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ሌሊት ላይ በሐረርጌ ደጋ የዘነበው ዝናብ በዚያ አሸዋ ወረደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። ወንዙን እያዩ ያደጉ ሰዎች ናቸው በእንቅልፋቸው የተወሰዱት። እንግዳውማ ምን ሊሆን ነው?

በሩቅ አገርም የሆነ አለ፤ እኔን እጅግ ያስፈራኝ እሱ ነው። በስፔን፣ በፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ቢዬስካስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከተራራ የሚወርድ ጅረት አፈርና ድንጋይ እያመጣ በዘረጋው ሜዳ ላይ ለድንኳን አዳሪዎች መዝናኛ ተከፈተ። ነሐሴ 1 ቀን 1988 ወደ ማታ ገደማ ተራራው ላይ ከባድ ዝናብ ወረደ፤ 87 ሰው አለቀ። ቦታው አደገኛ መሆኑን ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት የተናገረ ባለሙያ ነበር። ፈቃዱ ተሰጠ። ከዓመታት ክርክር በኋላ ፍርድ ቤት ካሳ እንዲከፈል ወሰነ። ካሳ ልጅ አይመልስም። እዚያ የጎደለው እውቀት አልነበረም፤ የሚያውቀው ሰው ቃል ሚዛን አለማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። ለእንግዳው «እዚህ እደር» የሚለው ማነው? ልጆቻችን ናቸው፤ መሬታቸው ወንዝ ዳር የሆነ ዘመዶቻችን ናቸው። ለቦታው ጥቂት ብር ይቀበላሉ፣ እንጨት ይሸጣሉ፣ ሌሊት ይጠብቃሉ። እንጀራቸው እንዲዘጋ አልሻም፤ እንግዳ መምጣቱም ደስታዬ ነው። ሴቻ ጫፍ ላይ ሁለቱን ሐይቆችና የእግዜር ድልድይን ቁልቁል የሚያይ ከፍ ያለ መሬት አለን። ዶርዜና ጨንቻ ላይ ከጎርፍ የራቀ ግቢ አለ፤ ብርድ ይኑረው እንጂ ሰው በሰላም ያድርበታል። ከእነዚህ አንዱን ማሳየት እየተቻለ የወንዙን አሸዋ ማከራየት ነው የማልቀበለው።

ከጎርፉ ሌላም አለ። ኩልፎ ጫሞ የሚገባበት ስፍራ አዞ ገበያ ነው። በ2010 ዓ.ም. በአባያ ሐይቅ ዳር ምእመናንን ሲያጠምቅ የነበረን አገልጋይ አዞ በቀን ብርሃን፣ በሰው ፊት ነጠቀው። ጉማሬ ደግሞ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ ከእሱና ከውኃው መካከል የተተከለ ድንኳን መንገዱን ይዘጋበታል። ወባም አለ፤ እሷ እንግዳውን የምትጥለው አገሩ ከተመለሰ በኋላ ስለሆነ እኛ ሳናውቅ እንቀራለን።

ስለ ጫካው ዝም ብዬ አላልፍም። አባቶቻችን የመሰብሰቢያችንን የዱቡሻውን ዛፍ፣ የምንጩን ራስ፣ የተከበረውን ደን መቁረጥ ጎሜ ነው ይሉ ነበር። ሰው ቅጣቱን ፈርቶ አይነካውም፤ ደኑም በከፍታው ላይ ዝናቡን ይዞ ቀስ አድርጎ ይለቅ ነበር። ዛሬ አብዛኞቻችን ሌላ እምነት ይዘናል፤ ወደ ጎሜ ተመለሱ አልልም። ነገር ግን ጎሜ ይጠብቀው የነበረውን ስንተው በምትኩ ያቆምነው ምን አለ? ደጋው ሲራቆት ጎርፉ ይፈጥናል። አባያ እንዲያ ቀልቶ የምናየው ከየተራራው በሚወርደው አፈር ነው። የሐሬ ወንዝም የኩልፎም ነገር አንድ ነው። ታች ያሉት የምንጮቹ ዛፎችም ለእንግዳ እሳት እየተቆረጡ ነው፤ ከተማችን ውኃዋን የምትጠጣው ከዚያ ሥር መሆኑን ማን ይክዳል?

«ፓርክ አለ፣ መንግሥት አለ፣ እኛ ምን አገባን» የምትሉ ትኖራላችሁ። ነጭ ሣር ከ1966 ጀምሮ ፓርክ ነው፤ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የጥበቃ ሠራተኛ በየወንዙ መታጠፊያ ሊቆም አይችልም። በ1979 የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተው ዩኒቨርሲቲያችንም የኩልፎን ልክ የሚያጠኑ ምሁራን አሉት። የእነሱ እውቀት በወረቀት ላይ ነው፣ የእኛ በአፋችን ነው፤ ማታ ድንኳን ለሚተክለው ልጅ ሁለቱም ካልደረሱት ምን ይጠቅሙታል?

ደግሞም ቃላችን አይሰማም አትበሉኝ። በመስከረም 2011 ወጣቶቻችን በወገኖቻቸው ሞት ተቆጥተው ለበቀል ሲነሡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበረከኩ። ያ ሁሉ ቁጡ ሕዝብ ተመለሰ፤ አገርም አየው። ከመካከላችሁ በዚያ የነበራችሁ አላችሁ። ቁጣን የመለሰ ቃል አንድ ድንኳን ከአሸዋ ላይ ሊያስነሣ ያቅተዋል?

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ከፋሲካ በፊት በየቀበሌያችን ካሉት አስጎብኚ ልጆች ጋር ወንዙን ይዘን እንውረድ። ጎርፉ እስከየት እንደደረሰ በዛፉና በገደሉ ላይ እያሳየን፣ ከዚያ በታች ድንኳን እንዳይተከል እንማማል። በዝናቡ ወራት ደግሞ ደጋ ያላችሁ ወንድሞች፣ ሰማዩ ሲከብድባችሁ ለእኛ ደውሉ፤ ቢመሽም፣ ቢነጋጋም ደውሉ። እኛ ተነሥተን እንሄዳለን። ኩልፎ ላይ ማን ለማን እንደሚደውል፣ ሐሬ ላይ ማን እንደሚቀበል፣ በሚመጣው እሑድ ዱቡሻ ላይ ስንሰበሰብ በስም እንመድብ።