የመጀመሪያው ደመወዝና የሐረጎ ቁልቁለት



ልጅ ሥራ ሲይዝ በእኛ አገር ቤት ይደምቃል። ቡና ይፈላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ጎረቤትም ብቅ ብሎ «ደመወዙ ስንት ነው?» ይላል። ካስተማርናቸው ልጆች መካከል ከቴክኒክና ሙያ ወጥተው፣ የብቃት ምዘናውን አልፈው ደሴና ኮምቦልቻ ጋራዥ የገቡ ጥቂት አይደሉም። ታዲያ ደመወዛቸውን የጠየቀ እንጂ «ከመኪናው የትኛውን ክፍል ሰጡህ?» ያለ ጎረቤት እስካሁን አልገጠመንም። ትልልቆቹ ጋራዦች ሥራ ይከፋፍላሉ፤ አንዱ ሞተር ላይ፣ አንዱ ኤሌክትሪክ ላይ፣ ሌላው ፍሬን ላይ ይመደባል። በዚህ ወር የምናወጋው የከባድ መኪና ፍሬን ስለተሰጠው ልጅ ነው።

ለምን ፍሬን? አገራችንን እንይ። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ላይ። በመካከላቸው ያለው መንገድ ግን 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ጭነት የያዘ መኪና ሐረጎን ሲወርድ የሚይዘው ሁለት ነገር ነው፤ በከባድ ማርሽ ሲሆን ሞተሩ፣ ሌላው ፍሬኑ። ሹፌሩ ማርሹን አቅልሎ ፍሬን ብቻ እየረገጠ ከወረደ ሸራው ከታምቡሩ ጋር እየተፋተገ ይግላል። ታምቡሩ በሙቀቱ ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል፤ ሸራውም የመያዝ ኃይሉ ይደክማል። የመጀመሪያው ኩርባ ላይ የያዘ ፍሬን አሥረኛው ላይ እምቢ ሊል ይችላል። ሽታውን መንገዱን የሚመላለስ ሁሉ ያውቀዋል። ሸራው አስቀድሞ ያለቀ ወይም ዘይት የጠጣ ከሆነማ ምን እንደሚመጣ መናገር አያስፈልግም።

አዲስ ገቢው መጀመሪያ የሚቸገረው በቋንቋ ነው። ኮሌጅ በእንግሊዝኛ ተምሮ ይመጣል፤ ጋራዡ የሚናገረው ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ቃል ነው። ክላች ብሎ ያጠናው ፍሪሲዮን፣ ስታርተር ያለው ሞተሪኖ ሆኖ ይጠብቀዋል። ይህ በሳምንት ይለመዳል።

የማይለመደው አደጋው ነው። የንፋስ ፍሬን ባላቸው መኪኖች የኋላ ጎማ አጠገብ ባለው ክብ ቤት ውስጥ ትልቅ ሞላ ታምቆ ተቀምጧል፤ አየሩ ሲያልቅ መኪናውን የሚያቆመው እሱ ነው። ሞላውን በማሰሪያው ብሎን ሳያስር ያንን ቤት የከፈተ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ልጃችሁ ሥራ በጀመረ ሰሞን የተፈታ ነገር ሁሉ ላይ እጁን ካልሰደደ ፈሪ አትበሉት። ሌላው አቧራው ነው። በድሮዎቹ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ነበረ፤ አስቤስቶስ ሳንባ ገብቶ ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር የሚያመጣ ነገር ነው። አቧራውን በኮምፕረሰር ንፋስ ማራገፍ ፈጣን ስለሆነ ብዙ ሰው ያደርገዋል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረጉ ይሻላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የእጅ ሥራ አይደለም፤ የምላስ ነው። አንዱ የቀድሞ ተማሪያችን ደሴ ላይ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ወር የገጠመውን አጫውቶናል። ከዐስር ሰላት በኋላ ጭነት የያዘ መኪና ይገባል። አንዱ የኋላ ጎማ ሸራው አልቋል። ሹፌሩ ችኩል ነው፤ «ያለቀውን ብቻ ቀይርልኝ፣ ሳይመሽ ልውረድ» ይላል። የጋራዡ ካፖም «ቀይረህ ልቀቀው» ይላሉ። ልጁ ሌላኛውን ጎማ ሲፈታ ሸራው ዘይት ጠጥቷል። ሸራ ደግሞ በአንድ አክስል ላይ በሁለቱም በኩል ይቀየራል እንጂ በአንድ ወገን አይደለም፤ አለዚያ ፍሬን ሲያዝ መኪናው ወደ አንድ ጎን ይስባል። በቁልቁለት ኩርባ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም።

እኛ ልጆቻችንን ለታላቅ እሺ እንዲሉ አድርገን አሳድገናል፤ ደግ አድርገናል። ነገር ግን አደብ ማለት ዝምታ ነው ብለው እንዲይዙት ካደረግን በድለናቸዋል። ይህ ልጅ ሸራውን ይዞ ሄዶ «ጋሼ፣ እስቲ አንዴ ይዩልኝ፤ ይህን በእኔ እጅ ለመልቀቅ ፈራሁ» አላቸው። አልጮኸም፣ አላሳጣቸውም። ሸራውን ጣታቸው ላይ አሹት፣ ዝም አሉ፣ ከዚያ «ሁለቱንም ቀይር፤ ዘይቱም ከየት እንደሚወጣ ይታይ» አሉ። ሹፌሩ እየተነጫነጨ ደሴ አደረ። ካፖውም ሳምንት ሙሉ ለልጁ ፊት አልሰጡትም። እውነቱን መናገር ካለብን፣ ምስጋና የሚባል ነገር አልደረሰውም።

ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ብረት ሠሪ እንደነበሩ፣ ጥሩር ሲሠሩም ቀለበቶቹን እንዲመጥኑ በሱረቱ ሰበእ መታዘዛቸውን ልጆቻችን በመድረሳ ተምረዋል። የጥሩር ቀለበት ያለ ልክ ከተሠራ የሚጎዳው የሚለብሰው ወታደር ነው፤ ሠሪው አጠገቡ የለም። የፍሬን ሸራም እንደዚያው ነው።

ወላጆች ታዲያ ምን እናድርግ? አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ወራት «ከሰው ጋር ተስማምተህ ኑር፣ ሥራህን እንዳታጣ» የሚለውን ምክር እንቀንስ። ልጁ ያንን ከእኛ በላይ ፈርቶታል። «ዛሬ ሳይሠራ የተለቀቀ መኪና ነበረ ወይ?» ብለን ብንጠይቀው ግን የሚያጫውተን አያጣም።

ስለ ውዱእ ደጋግመው ለጠየቁን ወጣቶች፦ ውሃ ወደ ቆዳ እንዳይደርስ የሚከለክል ግራሶ መወገድ አለበት፤ ከታጠበ በኋላ የሚቀር የጥቁረት ቀለም ብቻውን ውዱእን አያበላሽም። በቤንዚን መታጠብ ቆዳ ያቆስላልና ይቅርባችሁ። ሰጋቱራና የዱቄት ሳሙና ይበቃል።

እናቶችም፣ የሥራ ቱታው ከሕፃናት ልብስ ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ አይዘፍዘፍ። ቤት ውስጥ አይራገፍ፤ ደጅ ላይ በውሃ ይነከር።