ስለ ክራር ትምህርቱና ስለ ክፍያው



ካለፈው ወር ወዲህ በየቡናውና በየደጃፉ የሚባለውን ሰምተናል። ልጆቹ «ጋሽ ክራር» የሚሏቸው ጎረቤታችን ለሁለት ዓመት ያህል የሰፈሩን ልጆች በነጻ ሲያስተምሩ ቆይተው፣ አሁን ከእያንዳንዱ ልጅ በወር 300 ብር እንዲከፈላቸው፣ ትምህርቱም ድንኳንና አግዳሚ ወንበር በምናስቀምጥበት በማኅበራችን ክፍል እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቀዋል። ማመልከቻው ገና ለኮሚቴው ሳይነበብ ወሬው ሰፈሩን ዞረ። «ጡረታው አልበቃ አላቸው?» ያለ አለ። «ጎረቤት ከጎረቤት ገንዘብ ይቀበላል እንዴ?» ያለም አለ። ስለሆነም ጉዳዩ በመጪው እሑድ ስብሰባ ላይ ከመነሣቱ በፊት እኛ የምናስበውን በዚህ ሰሌዳ ላይ ማስፈር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ይከፈላቸው ባዮች ነን።

ትምህርት ሲከፈልበት ይረክሳል የሚለው አነጋገር ከየት እንደመጣ አይገባንም። ከመካከላችን ብዙዎቻችንን ፊደል ያስቆጠሩን የኔታ ናቸው። የኔታ በባዶ እጅ አላስተማሩም። በከተማ ወላጅ በየወሩ ሳንቲሙን ይልክላቸው ነበር፣ በገጠር ደግሞ እህል ይሰፈርላቸዋል፣ ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ እንደ አቅሙ ደስታውን ይገልጽላቸዋል። ይህን በመቀበላቸው የኔታን ነጋዴ ብሎ የጠራቸው ሰው አልነበረም። ታዲያ ፊደል ላስቆጠረ የተከፈለ፣ ቅኝት ላስተማረ ሲከፈል ምኑ ነው ነውሩ?

ሁለቱ የነጻ ዓመታት ምን እንዳሳዩን ደግሞ እናውቃለን። ሲጀመር አሥራ አራት ልጅ መጣ፤ ጾሙ ሳይፈታ አምስት ቀረ። ኳስ ሲኖር ወደ ኳሱ፣ ዝናብ ሲሆን ወደ ቤት ነው። እሳቸው ክራሮቹን ቃኝተው በር ከፍተው ሲጠብቁ ማንም ሳይመጣ የቀረበት ቀን ጥቂት አይደለም። የተበጠሰውን አውታር የሚገዙት ከጡረታቸው ነው። ወላጅም በነጻ ስለሆነ ልጁን «ዛሬ ምን ተማርክ?» ብሎ አልጠየቀም። የከፈለ ወላጅ ግን ይጠይቃል፤ ልጁንም ከኳስ ሜዳ ጎትቶ ያመጣዋል!

ክራር ቀላል ነገር የሚመስለው ላልሞከረው ነው። ስድስት አውታር አለው፤ አምስቱ የቅኝቱን ድምፆች ይይዛሉ፣ ስድስተኛው አንዱን ድምፅ በከፍታ ይደግመዋል። በትዝታ የተቃኘ ክራር ባቲ አይጫወትም፤ ለባቲ እንደገና መቃኘት አለበት፣ ለአምባሰልም ለአንቺሆዬም እንደዚሁ። ልጁ ጆሮው ይህን ለመለየት ወራት ይፈጅበታል። ከዚያ ደግሞ ግርፍ አለ፣ ድርድር አለ። በግርፉ ቀኝ እጅ ሁሉንም ሲመታ የግራ እጅ ጣቶች የማይፈለገውን አውታር አፍነው መያዝ አለባቸው። የአንዱን ልጅ ጣት ጎንበስ ብሎ ሳያዩ ይህን ማስተማር አይቻልም። ሃያ ልጅ ሰብስቦ በአንዴ ይሁን የሚሉ ወንድሞች ይህን ያስቡልን። አምስት አምስት ሆነው ነው የሚያምረው።

እስቲ ሒሳቡንም እንየው። ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት፣ በሁለት ምድብ፣ በወር ስምንት ቀን ቢያስተምሩ 32 ሰዓት ነው። ስምንት ልጆች 300 ብር ቢከፍሉ 2,400 ብር ይሆናል። ለአውታርና ለጥገና 400 ብር ቢወጣ 2,000 ብር ይቀራል። በሰዓት 62 ብር ከ50 ሳንቲም ማለት ነው፤ ያውም ቀደም ብለው መጥተው የሚቃኙበት ሳይታሰብ። በዚህ ሀብታም የሆነ ሰው ካለ ያሳዩን።

«ልጆቻችንን አዝማሪ ሊያደርጓቸው ነው» ለሚሉት እናቶችና አባቶች አክብሮታችን እንዳለ ሆኖ አንስማማም። ይህ ቃል ስንቱን ባለ እጅ አሸማቅቆ እንዳስቀረ አገር ያውቀዋል። በ2004 ዓ.ም. በሞት የተለዩን አስናቀች ወርቁ በቴአትሩም በክራሩም ስማቸው የተከበረ ነበሩ። የበገናው ሊቅ ዓለሙ አጋ ደግሞ እንጦጦ ላይ በልጅነታቸው ትምህርቱን የጀመሩት ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው፤ በኋላም በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የበገና አስተማሪ ለመሆን በቅተዋል። እንግዲህ ከጎረቤት የሚገኝ ትምህርት ምን ያህል እንደሚያደርስ በዚህ ይታያል። ሁሉም ልጅ እዚያ ይደርሳል አላልንም። አብዛኞቹ ትዝታን አንድ ሁለት ዘፈን ያህል ይዘው ይቀሩ ይሆናል። እሱም ቢሆን ግድግዳ ተደግፎ ከመዋል ይሻላል።

ለጋሽ ክራርም የምንለው አለን፤ ቅር እንደማይላቸው እናምናለን። አንድ ነገር መውደድ ሌላ፣ ያንን ነገር ለሌላው ማስተማር ሌላ ነው። እሳቸው አምባሰል ይወዳሉ፤ ስለሚወዱም ጣቱ ገና ያልተፈታውን ልጅ በአምባሰል ያስጀምሩታል። ልጁ ሲያቅተው ይቆጣሉ። ገንዘብ ሲቀበሉ ግን ልጁ በመጀመሪያው ወር ምን፣ በሦስተኛው ወር ምን ማወቅ እንዳለበት በወረቀት ጽፈው ለወላጅ ማሳየት ይኖርባቸዋል። የቀረው ልጅ ስሙ ይመዝገብ፤ ለተከፈለውም ደረሰኝ ይሰጥ። ሥራው እየሰፋ ከሄደም ስለ ንግድ ፈቃዱና ስለ ግብሩ ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ቀርበው ይጠይቁ፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ከኮሚቴው እንመድባለን።

ስለ ክፍሉ ኪራይ ተብሎ ገንዘብ መቀበሉን አልወደድነውም። በኪራዩ ፈንታ መክፈል የማይችል ቤተሰብ ሁለት ልጆች ከስምንቱ ጋር በነጻ ይማሩ፤ አሥር ይሆናሉ። ልጆቹን የሚመርጠው ኮሚቴው ይሁን፣ ስማቸውም በሰሌዳ አይለጠፍ። በሰፈር ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑና ወንበሩ ስለሚወጣ ትምህርቱ በዚያ ሳምንት ይቀራል፤ ይህን እሳቸውም በማመልከቻቸው ላይ ራሳቸው ጽፈውታል።

እግረ መንገዳችንን፣ ዳንቴል ታስተምር የነበረችውን እኅታችንንም አስታውሱ። ክርና መርፌውን ከኪሷ እየገዛች ሦስት ዓመት ሠርታ፣ ሲከብዳት ዝም ብላ ተወችው። ሲያቆም ማንም ምነው አላላትም። ሌላ ባለ እጅ እንደዚያ ዝም ብሎ እንዲቀርብን አንፈልግም። እሷም ብትሆን በዚሁ ሁኔታ እንደገና ልጀምር ብትል ክፍሉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ባዶ ነው።

ተቃውሞ ያለው አባል እስከ ዓርብ ማታ ድረስ በጽሑፍ በሳጥኑ ውስጥ ይክተት፤ መጻፍ የማይመቸው መጥቶ ይንገረን፣ እኛ እንጽፍለታለን። ስብሰባው እሑድ ከጧቱ 3 ሰዓት ነው። ልጃቸውን ማስመዝገብ የሚፈልጉ ወላጆችም በዚያው ዕለት ይምጡ፤ ካሉት ክራሮች ሁለቱ አውታራቸው የተበጠሰ ስለሆነ፣ ቤቱ ክራር ያለው ይዞ ቢመጣ መልካም ነው።

የማኅበሩ ጸሐፊ