ተሿሚው መልስ የሚሰጠው ለሾመው ብቻ አይደለም

የወረዳ ወይም የከተማ አስተዳደር ተሿሚ፣ ማለትም በነዋሪው ድምፅ ሳይሆን በበላይ አካል ውሳኔ ወንበር የያዘ ኃላፊ፣ ከሕዝብ ወቀሳ ሲሰነዘርበት ምላሹን ለማን፣ የትና በምን ማስረጃ ነው የሚሰጠው የሚለው ጥያቄ በአርሲ ነገሌም ሆነ ከአዳማ እስከ ሻሸመኔ ባሉት የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ተገቢውን ትኩረት ያገኘ ጉዳይ አይደለም። ጥያቄው ይበልጥ የሚከብደው ተሿሚው ወጣት ሲሆን ነው፤ ወጣቱ በአንድ በኩል ለሾሙት አለቆቹ ብቃቱን ማሳየት፣ በሌላ በኩል ዕድሜውን ከሚጠራጠረው ነዋሪ አመኔታ ማግኘት ይጠበቅበታልና። የዚህ ጋዜጣ አቋም፣ ተሿሚው ወቀሳ ሲደርስበት የመጀመሪያውን ምላሽ መስጠት ያለበት ለነዋሪው፣ እዚያው ከተማው ውስጥና ሰነድ ይዞ ነው የሚል ነው፤ ለበላይ አካል የሚላከው ሪፖርት ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

አሁን ያለው ልማድ ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። ከኢሕአዴግ ዘመን የተወረሰው ግምገማ፣ ይኸውም አመራሮች በዝግ ስብሰባ ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ድክመት የሚነቅስበት አሠራር፣ የወረዳውን ኃላፊ ያስለመደው ወቀሳን ከጓዶቹና ከአለቆቹ አፍ ብቻ እንዲሰማ ነው። በዚያ መድረክ ጥፋቱን የተቀበለ ኃላፊ ለነዋሪው ሌላ ማብራሪያ የሚቀርለት አይመስለውም፤ ነዋሪው ደግሞ ስለ ውኃው፣ ስለ መንገዱ ወይም ስለ ቦታው ካርታ በጠየቀ ቁጥር «ጉዳዩ በሂደት ላይ ነው»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ነገ ተመለሱ» የሚል ቃል ይዞ ይመለሳል። በግምገማ ውስጥ የተነገረው ድክመት ለሕዝብ ስለማይገለጽ፣ ኃላፊው ከቦታው ሲነሳ እንኳ በምን ጥፋት እንደተነሳ፣ የጎደለው ምን እንደነበርና ማን ሊያሟላው እንደሚገባ የሚያውቅ ነዋሪ አይኖርም።

ይህ ልማድ ሥር የሰደደበት ምክንያት በምርጫ ታሪካችን ውስጥ ይገኛል። የወረዳ፣ የከተማና የቀበሌ ምክር ቤቶች አባላት በነዋሪው የተመረጡት በ2000 ዓ.ም. ቀጥሎም በሚያዝያ ወር 2005 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአምስት ዓመት ዘመናቸው ሲያበቃ በ2010 ዓ.ም. ሊደረግ ይገባው የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዝሟል፤ በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ስድስተኛው ጠቅላላ ምርጫም የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶችን አላካተተም። በኦሮሚያ የከተማ አስተዳደሮችን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 65/1995 ምክር ቤት፣ ከንቲባና ሥራ አስኪያጅ ያሉት መዋቅር ሲዘረጋ የታሰበው ምክር ቤቱ በነዋሪው ስም ኃላፊውን እንዲጠይቅ ነበር፤ የመራጩ ድምፅ ሲዘገይ ግን ተጠሪነት፣ ማለትም አንድ ኃላፊ ለሥራው መልስ የሚሰጥበት መስመር፣ ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ሆኖ ይቀራል። ነዋሪው ተሿሚውን በድምፁ ሊሾመውም ሊያወርደውም በማይችልበት ሁኔታ ከወቀሳና ከወቀሳው መልስ በቀር ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር የለም። ተሿሚው ከተመራጭ ይልቅ መልስ የመስጠት ግዴታው የሚከብደው ስለዚህ ነው፤ ተመራጩ ቢያንስ አንድ ጊዜ ድምፅ ተሰጥቶታል።

የአዲስ አበባ ከተማ የቅርብ ጊዜ ታሪክ ይህን በሰፊው ያሳያል። ኢንጂነር ታከለ ኡማ በሐምሌ ወር 2010 ዓ.ም. በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው በምክትል ከንቲባ ማዕረግ ከተማዋን እንዲመሩ ሲሾሙ የምክር ቤቱ አባል አልነበሩም፤ ሹመቱ እንዲቻልም የከተማዋ ቻርተር ተሻሽሎ ነበር። ከዚያ በኋላ በተነሱት ክርክሮች ሁሉ፣ በተለይ በየካቲት 2011 ዓ.ም. ከ51 ሺህ በላይ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ዕጣ ከወጣ በኋላ በኦሮሚያ ከተሞች በተቀሰቀሰው ተቃውሞና በመዲናዋ በተሰማው ምላሽ፣ ስለ ቤትና ስለ መሬት የተነሳው ጥያቄ «ማን መረጠው?» ከሚለው ጥያቄ ጋር ተጣብቆ ኖሯል። ኢዜማ የተባለው የፖለቲካ ፓርቲ በነሐሴ ወር 2012 ዓ.ም. ስለ መሬት ወረራና ስለ ጋራ መኖሪያ ቤቶች ያደረገውን ጥናት ይፋ ያደረገው ምክትል ከንቲባው ወደ ሌላ ኃላፊነት በተዛወሩበት ወር ነበር፤ በጥር 2013 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው አስተዳደር ራሱ በዚሁ ጉዳይ ያስጠናውን ውጤት አወጣ። በጊዜው በሙሉ ሰነድ ያልተዘጋ ጥያቄ ኃላፊው ወንበሩን ከለቀቀ በኋላም እንደሚከተለውና ተከታዩንም እንደሚጠብቀው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ስለ ዕድሜ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የወጣቶች ፖሊሲ ወጣት የሚለው ከ15 እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው ሲሆን፣ የምርጫ ሕጉ ደግሞ 21 ዓመት የሞላው ዜጋ ለዕጩነት እንዲቀርብ ይፈቅዳል፤ ስለዚህ በሃያዎቹ ዕድሜ ያለ ሰው የከተማ ጽሕፈት ቤት መምራቱ ከሕግም ከፖሊሲም የሚጣረስ አይደለም። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያሉ ወጣቱን ገና ሥራ ሳይጀምር የሚያጣጥሉ ሽማግሌዎች ወቀሳቸው ፍሬ አልባ ነው፤ ሥራውን እንጂ ልደቱን መመዘን አይገባቸውምና። በሌላ በኩል ወጣቱ ተሿሚ የሥራ ወቀሳን ሁሉ የዕድሜ ንቀት አድርጎ የሚቆጥር ከሆነ ራሱን ከማረም ይሸሻል። የሳይት ፕላኑ ለምን ሦስት ወር እንደዘገየ የሚጠይቅ አባወራ ስለ ኃላፊው ዕድሜ የጠየቀው አንዳች ነገር የለም።

ወቀሳ ዕውቀት ይዞ እንደሚመጣ ለማየት ከአርሲ ነገሌ አረቄ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ከተማዋ በአገሪቱ የምትታወቅበት ይህ መጠጥ በየግቢው የሚወጣው በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው፤ ከእህል፣ ከብቅልና ከጌሾ የተጠነሰሰው ጥንስስ በእሳት ላይ ውሎ እንፋሎቱ በቱቦ ያልፍና በውኃ በቀዘቀዘ ዕቃ ውስጥ ተመልሶ ፈሳሽ ይሆናል፤ የሚቀረው አተላ ለከብት ማድለቢያ ይሸጣል። ሥራው ቀኑን ሙሉ የሚነድ ማገዶ ይፈልጋል፤ ማገዶው ደግሞ በአህያና በሰው ጀርባ ከሚመጣባቸው ቦታዎች አንዱ ከከተማዋ በስተምሥራቅ ያለው የሙኔሳ ሻሸመኔ ደን ነው። ደኑ የሚጠበቅ ሀብት ነው፤ መጠጡ በጤናና በቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ጉዳትም የታወቀ ነው። እንዲህ ባለ ጉዳይ ላይ አንድ ወጣት ኃላፊ ማገዶ የሚያስገቡትን ኬላ ላይ አስቁሙ ብሎ ቢያዝና አረቄ የሚያወጡት እናቶች ቢቃወሙት፣ ተቃውሟቸውን «ጸረ ልማት» ብሎ መሰየም ቀላል ነው። ቁጭ ብሎ ቢሰማቸው ግን አንድ ጥንስስ ምን ያህል ማገዶ እንደሚፈጅ፣ የትኛው ምድጃ እንደሚቆጥብ፣ አተላው ቢቀር የከብት አድላቢው ኑሮ ምን እንደሚሆን፣ ሥራውን የምትተው ሴት ልጆቿን በምን እንደምታስተምር የሚነግሩት እነዚሁ ሴቶች ናቸው። ደኑን ሊያድን የሚችል ዕቅድ ከዚህ ንግግር ይወጣል፤ ያለዚህ ንግግር የሚወጣው ትዕዛዝ ማገዶውን ከቀን ወደ ሌሊት ከማዛወር አያልፍም።

ለተሿሚው ፍትሐዊ መሆንም ይገባል። በአርሲ ነገሌ ነዋሪ ከሚያማርራቸው ነገሮች ብዙዎቹ በከተማው ኃላፊ እጅ ያሉ አይደሉም፤ ደኑን የሚያስተዳድረው የኦሮሚያ የደንና የዱር እንስሳት ድርጅት፣ የአብጃታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክን የሚመራው የፌዴራሉ የዱር እንስሳት ባለሥልጣን ነው፤ የሞጆ ሐዋሳን የፍጥነት መንገድ የሚያስገነባው ደግሞ የፌዴራሉ የመንገዶች መሥሪያ ቤት ነው። መንገዱ ማሳውን የወሰደበት ገበሬ ካሳ ሲዘገይበት የሚጮኸው ግን ቅርቡ ባለው ጽሕፈት ቤት በር ላይ ነው። እዚህ ላይ «እኔን አይመለከተኝም» ማለት መልስ አይሆንም። መልስ የሚሆነው፣ ኃላፊው የመሬት ማስለቀቅና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ አቤቱታ ሰሚ አካልና ስለ ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ምን እንደሚል በቋንቋው አስረድቶ፣ የገበሬውን ማመልከቻ በራሱ ደብዳቤ ወደሚመለከተው አካል ልኮ፣ ቁጥሩንና ቀኑን በእጁ ሲሰጠው ነው። ሥልጣኑ ትንሽ የሆነ ኃላፊ እንኳ ይህን ማድረግ አያቅተውም።

መልስ ማጣት ወደ ምን እንደሚያደርስ ይህ አካባቢ በመራራ ሁኔታ ያውቀዋል። አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገደለ በኋላ በነበሩት ቀናት ሻሸመኔ፣ ባቱና አርሲ ነገሌ ንብረት የወደመባቸው ከተሞች ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በ2013 ዓ.ም. ባወጣው የምርመራ ሪፖርት በኦሮሚያ በነበረው ሁከት 123 ሰዎች መሞታቸውን አስታውቋል። በሪፖርቱ ውስጥ ከሁሉ የሚያሳዝነው፣ ተጎጂዎች ለአካባቢው ባለሥልጣናትና ፖሊሶች ደጋግመው ደውለው ከበላይ ትዕዛዝ አልመጣም የሚል ምላሽ እንዳገኙ መናገራቸው ነው። ከነዋሪው በፊት አለቃውን ማየት የለመደ መዋቅር ሰው ሲገደልም ቀና ብሎ ትዕዛዝ ይጠብቃል። በእነዚያ ቀናት ቤታቸውና ሱቃቸው የተቃጠለባቸው ቤተሰቦች ዛሬ በከተማው ውስጥ የሚያነሱት ጥያቄ ካለ፣ አዲስ የተሾመ ኃላፊ «ያኔ እኔ አልነበርኩም» ብሎ ሊያልፈው አይችልም፤ ወንበሩን የተረከበ ዕዳውንም ተረክቧል።

ሕጉ በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን የሚያጓድል ባለሥልጣን ተጠያቂ እንዲሆን ያዛል፤ አንቀጽ 30 አቤቱታ የማቅረብን መብት ያውቃል፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ የተጠየቀ የመንግሥት አካል በ30 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ያስገድዳል፤ አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ደግሞ በመገናኛ ብዙኃን የሚፈጸም ስም ማጥፋት በወንጀል እንዳያስጠይቅ አድርጓል። ሐሰት የተነገረበት ኃላፊ እውነቱን በሰነድ ማውጣት፣ ካልሆነም በፍትሐ ብሔር መክሰስ ይችላል። ተቺን ወደ ፖሊስ ጣቢያ ማስጠራት፣ የንግድ ፈቃዱን ማዘግየት ወይም የወንድሙን ቅጥር ማሰናከል ግን ሥልጣንን አላግባብ መጠቀም ነው፤ ይህ ጋዜጣ በማንም ላይ ቢፈጸም ይቃወመዋል።

መልስ መስጠት ለዚህ ሕዝብ ባዕድ ሥርዓት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የገዳ ሥርዓት መሪዎቹ በየስምንት ዓመቱ ሥልጣን እንዲያስረክቡ ያደርጋል፤ ፕሮፌሰር አስመሮም ለገሠ በቦረና ባደረጉት ጥናት እንዳሳዩት ደግሞ ግዴታውን ያጎደለ መሪ ዘመኑ ሳያልቅ በጉባዔ ሊሻር ይችላል። በአርሲ የተበደሉ ሴቶች ሲንቄያቸውን፣ በሠርጋቸው ዕለት ከእናታቸው የተቀበሉትን በትር፣ ይዘው ሲወጡ በዳዩ የፈለገውን ያህል ባለ ክብር ቢሆን ወጥቶ ያነጋግራቸዋል፤ ካሳም ይከፍላል። በሕንድ ራጃስታን ግዛትም እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ መንደርተኛው በአደባባይ ተሰብስቦ የመንግሥት ሥራ ደረሰኝና የሠራተኞች የደመወዝ መዝገብ ጮክ ተብሎ ይነበብለት ነበር፤ ስሙ ተጽፎ ገንዘብ ያልደረሰው ሰው እዚያው እጁን ያወጣል። ከእነዚህ ስብሰባዎች የተነሳው እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2005 ለወጣው የመረጃ መብት ሕግ መንገድ ጠርጓል። በእኛም አገር የወረዳን በጀት በጽሕፈት ቤት ግድግዳ ላይ መለጠፍ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ፕሮግራም አማካይነት ተሞክሮ ያውቃል፤ የጎደለው ከተለጠፈው ወረቀት አጠገብ ቆሞ የሚያስረዳና የሚጠየቅ ኃላፊ ነው።

ስለዚህ የአርሲ ነገሌ ከተማ አስተዳደር በየሩብ ዓመቱ፣ የሩብ ዓመቱ ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ፣ ተሿሚዎቹን በሙሉ ተጋባዥ ባልተመረጠበት ግልጽ ስብሰባ ለነዋሪው ያቅርብ፤ በኦሮምኛም በአማርኛም የሚነሳው ጥያቄ በስምና በቀን ተመዝግቦ፣ በመድረኩ ያልተመለሰው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይመለስ፤ የተመለሰውና ያልተመለሰውም ጎን ለጎን በማስታወቂያ ሰሌዳ ይለጠፍ። ከሁሉ አስቀድሞ ደግሞ የአካባቢ ምርጫ ቀን ይቆረጥ። በዚህ ገጽ ላይ የተወቀሰ ማንኛውም ተሿሚ፣ ዕድሜው ምንም ይሁን፣ ምላሹን ከነማስረጃው ቢልክ ዝግጅት ክፍሉ ሳይቆርጥ በዚሁ ገጽ ያትመዋል።