ሰማያዊው ቆብና የቤታችን ሒሳብ

በኢትዮጵያ የሰላም ማስከበር ታሪክ ደረታችንን ብንነፋ ማን ይፈርድብናል? በ1943 ዓ.ም. ቃኘው ሻለቃ በተባበሩት መንግሥታት ባንዲራ ሥር ሊዋጋ ኮሪያ ገባ። ከዚያም ኮንጎ፣ ሩዋንዳ፣ ቡሩንዲ፣ ላይቤሪያ፣ ዳርፉር፣ አብዬ፣ ሶማሊያ... ግን እስቲ ጭብጨባውን ገታ እናድርግና እንጠይቅ፦ ይሄ ሁሉ ለደኅንነታችን ምን ጠቀመ?

ጥቅም የለውም አልልም። ተመድ ለአንድ ወታደር በወር ከ1,400 ዶላር በላይ ለላኪው መንግሥት ይከፍላል። በዲፕሎማሲው መድረክም ወታደር የሚልክ ሀገር ይደመጣል። ችግሩ የሰላም አስከባሪን አቅም አጋነን ማየታችን ነው።

አብዬን ተመልከቱ። በሰኔ 2003 ዓ.ም. ሁለቱ ሱዳኖች ያመኑት የኢትዮጵያን ጦር ነበር፤ 4,200 ያህል ሰው ተፈቀደ። የፈሽጋ ድንበርና የሕዳሴው ግድብ ውዝግብ ሲጋጋል ግን ካርቱም «ውጡልኝ» አለች፤ በ2014 ዓ.ም. ቦታውን የብዙ ሀገራት ጦር ተረከበ። ለዓመታት የተገነባ አመኔታ በጎረቤት ጠብ ተናደ ማለት ነው።

እኛም ሰማያዊ ቆብ አስተናግደናል። ከ1992 እስከ 2000 ዓ.ም. ተመድ በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ቆመ። ሲወጣ ድንበሩ መሬት ላይ አልተካለለም ነበር። ሰላም አስከባሪ ጊዜ ይገዛል፤ ጊዜውን የሚጠቀምበት ፖለቲከኛ ካልተገኘ ዋጋ የለውም።

ሌላም አለ። ኮሪያ ላይ የወደቁት ከ120 በላይ መሆናቸውን እናውቃለን፤ አዲስ አበባ ላይ ሐውልት ቆሞላቸዋል። በሶማሊያ የወደቁትንስ? መንግሥት ዘርዝሮ የማሳወቅ ልማድ የለውም። የአገው ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ ፈረሳቸውን ሸልመው የሚወጡት ለአርበኞች ክብር ነው። የዘመተን ማስታወስ ባህል በሆነበት ምድር የልጁን ዕጣ ያላወቀ ወላጅ እንዴት ይጽናና?

ከክረምት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ግጭቱ ወደ ቤታችን ገብቷል። አዊም አልቀረለትም፤ የሞባይል ኢንተርኔት እንኳ ለወራት ተቋርጦ ነበር። በአብዬ ሁለት ባላንጣዎችን መሀል ገብቶ ያረጋጋ ሀገር በዳንግላ መንገድ ላይ ሰላም ሲያጣ ምን እንበል?

እኔ የምለው፦ ወታደር መላክ ይቀጥል፤ ግን ፓርላማው ለምን፣ ስንት፣ እስከ መቼ ብሎ ይጠይቅ። የወደቁት በስማቸው ይነገሩ። ለጎረቤት የምናቀርበውን «ተደራደሩ» የሚል ምክር እኛም እንስማው።

ቸር እንሰንብት።