ጓያ የሰበረው ገበሬ አላለቀለትም

በ1969 ዓ.ም. ገደማ በደምቢያና በፎገራ ጓያ ብዙ ገበሬዎችን፣ ይበልጡንም ወጣት ወንዶችን ሰብሯል። የተጎዳውን ነርቭ የሚመልስ መድኃኒት ዛሬም የለም። ይሁንና «አለቀለት» ብሎ ሰውን ከምድጃ ዳር ማስቀመጥ ትልቅ ስሕተት ነው። እግሩ ቢገተርም እጁና አእምሮው ደኅና ነው።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አስተኝቶ፣ አስቁሞ፣ አራምዶ የቀረውን ጉልበት ይለያል። የባቱ ጅማት በየቀኑ ካልተሳበ እያጠረ ይሄድና ተረከዙ መሬት መርገጥ ያቅተዋል፤ መሳቡን ግን ከባለሙያው የተማረ የቤት ሰው ይሠራዋል። ክፍሉ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል አለ። ችግሩ መንገዱ ነው! በምርኩዝ የሚሄድ ሰው ብቻውን አይደርስም። የገበሬ ማኅበር መሪዎች፣ ምጥ ለያዛት እናት የምታወጡትን ቃሬዛ ለዚህም ሰው አውጡ። ሲመለስም ቁጭ ብሎ የሚሠራውን፣ ቀፎ መሥራትም ሆነ የእህል መዝገብ መያዝ፣ ስጡት።